ጎርፍ ያልወሰደው ወረቀት

ልጄ ብሪጊዳ የወንድ አያቷን የልደት ወረቀት ስትጠይቀኝ ጎርፍ ወስዶታል አልኳት። የኦድራ ወንዝ ሞልቶ ምድር ቤታችን ገብቶ ድንቹን ካንሳፈፈ ገና ዓመቱ ስለነበር አመነችኝ። ወረቀቱ ግን ሳሎን ነበር፤ ከቅድስት አና ሥዕል ጀርባ። የደበቅሁት እኔ ነኝ።

ፖላንድ ውስጥ ባለችው ወረዳችን ፖላንዳዊና ጀርመናዊ ያልተቀላቀለበት ቤት ጥቂት ነው። ባሌ ዮዜፍ ከዓለም ጦርነቱ በኋላ ከምሥራቅ ከመጡት ፖላንዳውያን ወገን ነው፤ እኔ ከነባሮቹ ጀርመኖች። ጀርመናዊ አያት እንደነበረው በወረቀት ያስመሰከረ ወጣት የጀርመን ፓስፖርት ያወጣል፤ እዚያ በሕግ ይሠራል፤ በየበዓሉ ይመጣል። እኔን ግን የሚታየኝ ወንድሜ ሩፊን ነበር። በዚያው ወረቀት ሄዶ፣ ሕንፃ ሲሠራ ወድቆ፣ በሣጥን ነው የተመለሰው።

እናቴ ገርትሩዳ ሥዕሉ መነካቱን ከአልጋዋ ሆና አውቃለች።

"አንቺ ሰው ሳይታመም መርዶ የምታረጂ" አለችኝ። "ወረቀቱ የባሌ ነው። ለልጅቷ ስጫት።"

ከፋሲካ በኋላ እሰጣታለሁ አልኩ። ፋሲካ ሳይደርስ ብሪጊዳ እንደ ጎብኚ ሆና ጀርመን ሄደች፤ ሃምቡርግ አጠገብ ያለፈቃድ አንድ ሽማግሌ ማስታመም ያዘች። የተፈቀደላት ቀን አለፈ። ድንበር ላይ ከተያዘች ተመልሳ መግባት ትከለከላለችና ቤቷ መምጣት አልቻለችም።

በነሐሴ እናቴ ሞተች። እስከ መጨረሻው ዓይኗ ከበሩ አልተነቀለም። ቀብሩ ላይ በሁለቱም ቋንቋ ተጸለየ። ሰዉ ከቀብር መልስ ጥቅል ሥጋና ቀይ ጎመን እየበላ ሳለ ብሪጊዳ ደወለች። ኦማ የምትላት አያቷ ምን ለብሳ እንደተቀበረች ጠየቀችኝ። ጥቁሩን ቀሚስ አልኳት። ቀጥዬም የወረቀቱን ነገርኳት።



"ኦማ ታውቅ ነበር?" አለችኝ።

"ታውቅ ነበር። ስጫት ስጫት እያለች ነው የሞተችው።"

"ላኪው" አለች። "እንዳይታጠፍ።"

በሁለት ካርቶን መሃል አድርጌ በአደራ ደብዳቤ ላክሁት።

በሁለተኛው ዓመት፣ መቃብር ላይ ሻማ በሚበራበት የቅዱሳን ሁሉ ቀን፣ በአዲሱ ፓስፖርቷ መጣች። ያገኘናት መቃብሩ ቦታ ነው። የኦማን ድንጋይ በብሩሽ አጥባ ጨርሳለች። ብሪጊዳ የምትወደውን የድንች ድብልብል መሥራቴን ነገርኳት፤ መረቁ እንዲገባበት መሃሉን አንድ በአንድ በአውራ ጣቴ ጫን ጫን አድርጌዋለሁ።

"ነይ እንጂ" አላት ዮዜፍ። "እናትሽ ከትናንት ጀምራ ድንች ስትልጥ ነው የዋለችው። አንቺ ካልበላሽው እኔን አብልታ ልትገድለኝ ነው።"

ፈገግ አለች፤ ለእሱ። እኔን "ራስሽን ጠብቂ፣ እማዬ" ብላ ጉንጬን ሳመችኝና የዘጠኝ ሰዓቱን አውቶቡስ ተሳፈረች።

አስፋልቱ ላይ እርጥብ ቅጠል ነበር፤ ጎማ ያንሸራትታል። ስትደርሺ ደውዪልኝ ልላት መስኮቱ ድረስ ተጠጋሁ። እናቴ መርዶ የምታረጂ ያለችኝ ትዝ አለኝና ዋጥሁት፤ አውቶቡሱም ሄደ።