ሰባ አምስት ደቂቃ የሚፈጀው ስቴክ

ፋርማሲስቷ በትዳሯ ውስጥ አንድ ትልቅ ውሸት ነበራት። ውሸቱ ስለ ሌላ ወንድ አይደለም፤ ስለ ሥጋ ነው። ስቴክ ለመጥበስ አንድ ሰዓት ከሩብ ይፈጃል ብላ ቤተሰቧን ካሳመነች ስድስት ዓመት ሆኗታል።

እውነቱ ሌላ ነበር። ሥጋው ወፈር ያለ ቢሆን እንኳ በአንዱ ጎን አራት ደቂቃ፣ በሌላው ጎን ሦስት፣ ከዚያ ቅቤና ነጭ ሽንኩርት ጣል አድርጎ የቀለጠውን በማንኪያ እያነሱ ላዩ ላይ ማፍሰስ፤ አለቀ። ሰላጣውን አጥቦ ለመቆራረጥ ቢበዛ አምስት ደቂቃ ነው። የቀረው ጊዜ የእሷ ነው።

ማክሰኞና ሐሙስ ማታ ከሥራ ስትመለስ ቦርሳዋን በቅጡ ሳታስቀምጥ ወጥ ቤት ትገባና በሩን ትዘጋለች። "ጭሱ ሳሎን እንዳይገባ ነው" ትላለች። ከዚያ ጫማዋን ታወልቃለች፤ በርጩማዋ ላይ ቁጭ ብላ ቀኑን ሙሉ ቆመው የዋሉ እግሮቿን በተገለበጠ የለስላሳ ሳጥን ላይ ትሰቅላለች፤ ከዘይት ጄሪካኑ ጀርባ የደበቀችውን ልብ ወለድ ታወጣለች። የወንጀል ልብ ወለድ ከሆነ ነፍሷ ነው። ገዳዩን ከመርማሪ ፖሊሱ ቀድማ የጠረጠረች ቀን በደስታ ብቻዋን ትስቃለች።

ከበሩ ማዶ ያለውን ሁካታ ያየ አይፈርድባትም። ባሏ የመኪና መንዳት አሠልጣኝ ነው። ቀኑን ሙሉ ከጀማሪዎች ጎን ተቀምጦ "ፍሬን! ፍሬን ያዝ!" እያለ ሲጮኽ ስለሚውል ሠልጣኞቹ ስሙን "ፍሬን" ብለውታል። ራሱ ግን ፍሬን የለውም፤ ቤት ከገባም በኋላ ያንኑ ድምፅ ይዞ የቀኑን ጉድ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይተርካል። እናቱ አብረዋቸው ነው የሚኖሩት። ጡረታ የወጡ የስልክ ኦፕሬተር ናቸው፤ ቴሌቪዥኑን ጎረቤት እስኪሰማ ከፍተው ከዜና አንባቢው ጋር ይከራከራሉ። የአሥር ዓመቷ ልጃቸው ደግሞ ጥያቄ አያልቅባትም፤ ቤት ውስጥ "መርማሪዋ" ነው የምትባለው።

አንድ ማክሰኞ የሳል ሽሮፕ ጠርሙስ ፋርማሲስቷ እጅ ላይ ተሰበረና ቀኝ መዳፏ ተሰፋ። በፋሻ የተጠቀለለ እጇን ይዛ ስትገባ ባሏ ክው አለ። ድንጋጤው ሲያልፍለት ግን ጀግንነት መጣበት።

"ዛሬ እኔ ነኝ የምጠብሰው" አለ እጅጌውን እየሰበሰበ።

መንገዱን ዘጋችበት። "ኧረ ተው! ዳቦና እንቁላል እንበላለን።"

"ሥጋው ተገዝቶ? ፍሬንና ነዳጅ መስጫ የማይለየውን ሁሉ መንዳት ያስተማርኩ ሰውዬ አራት ቁራጭ ሥጋ ያቅተኛል?"

"ቀላል እንዳይመስልህ።"

"ምን ቀላል አለው! ስድስት ዓመት ሙሉ ስትለፊ አይቼ የለም እንዴ? በይ ከመነሻው ንገሪኝ። የመጀመሪያውን አንድ ሰዓት ምንድን ነው የማደርገው?"

ይህን ጥያቄ ማንም ጠይቋት አያውቅም ነበር።

"ሥጋው ከፍሪጅ ይወጣና … ይቀመጣል።"

"ለምን ያህል ጊዜ?"

"አርባ ደቂቃ። ቤቱን እስኪላመድ።"

"ቤቱን እስኪላመድ" ብሎ በቁም ነገር ደገመላት። "ከዚያስ?"

"በንጹሕ ጨርቅ ታደርቀዋለህ፤ ቀስ ብለህ። ጨው ትነሰንስበታለህ፤ እሱንም ቀስ ብለህ። ከዚያ ሃያ ደቂቃ ትጠብቀዋለህ።"

"ምን እስኪሆን?"

"ጨው እስኪገባው።"

ዓይኗን በጨው ታጥባ ነው ይህን ሁሉ ያለችው። አማቷ ከሶፋቸው ላይ አንዴ ዞር ብለው አዩዋትና ወደ ቴሌቪዥናቸው ተመለሱ።

ባሏ ገባ፤ በሩንም ዘጋ። እሷ ሳሎን ተቀምጣ ጆሮዋን ወጥ ቤቱ ላይ ተከለች። አምስት ደቂቃ እንኳ አልሞላም፣ ችስስስ የሚል ድምፅ መጣ። አላስችል ብሎታል! መብራቱ አረንጓዴ ሳይሆን ጥሩንባ የሚነፋ ሰው አርባ ደቂቃ ሙሉ ሥጋው ቤቱን ሲላመድ ቁጭ ብሎ ያያል ብላ ማሰቧ ሞኝነት ነበር። ሥጋው አራት ደቂቃ ተንቸሰቸሰ፤ ተገለበጠ፤ ቅቤው ተንጫጫ፤ ከዚያ ሁሉም ነገር ጸጥ አለ።

"ጉዴ ፈላ" አለች በሆዷ። አሁን በሩ ይበረገዳል፤ አሁን "አንቺ ሴትዮ!" ብሎ ይወጣል። የምትመልሰውን አሰናዳች። እጄን አሞኛል ልበል? ሥጋው የጥጃ ነው፣ ቶሎ ይበስላል ልበል? በሩ ግን አልተከፈተም። አምስት ደቂቃ አለፈ፣ አሥር አለፈ፣ ሃያ አለፈ።

"አባዬ ምን ሆኖ ነው ዝም ያለው?" አለች መርማሪዋ።

"ሥጋው ጨው እየገባው ነው።"

"ከተጠበሰ በኋላ?"

"አንቺ ልጅ፣ ዝም ብለሽ ሹካ ደርድሪ።"

በሰባ አምስተኛው ደቂቃ፣ ቅንጣት ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ በሩ ተከፈተ። ባሏ ሥጋውን በሰሃን ይዞ ወጣ። ግንባሩ ረጥቧል፤ እንዲያውም ከመጠን በላይ ረጥቦ ከአገጩ እየተንጠባጠበ የሸሚዙን ኮሌታ አበስብሶታል። ላብ እንዲህ እንደ ቧንቧ አይወርድም።

"ኡፍፍፍ!" አለ ወንበሩ ላይ እየወደቀ። "ሥራ ነው ለካ! እንዴት ቻልሽው በናትሽ?"

ሥጋው ቀዝቅዞ እንደ ጫማ ሶል ጠንክሯል። ሁሉም እየታገለ አኘከ። ባልየው ግን ፊቱ እንደ ሙሽራ ያበራ ነበር፤ የዚያን ዕለት ስለ ሠልጣኞቹ አንዲት ቃል አልተነፈሰም።

ሰሃን ለማነሳሳት ብላ ወጥ ቤት ስትገባ መጀመሪያ ያየችው ጄሪካኑን ነው። መጽሐፉ ከጀርባው አለ። የእሷ ምልክት፣ አሮጌው የመድኃኒት ማዘዣ ወረቀት፣ ገጽ ስድሳ ሁለት ላይ እንዳለ ነው። ገጽ አርባ አንድ ላይ ግን ሌላ ወረቀት ተሰክቷል፤ የባሏ የሥልጠና ቀጠሮ ካርድ። በፋሻው እጇ አፏን አፍና ሳቀች።

እሱም አልተናገረ፣ እሷም አልጠየቀች። ሐሙስ ደርሶ "እጅሽ እስኪድን ሥራው የእኔ ነው" ብሎ ሲገባ ግን ሳቋ ወደ ብስጭት ተለወጠ። የቀጠሮ ካርዱ ገጽ ዘጠና ሰባት ደረሰ። እሷ ሳሎን ሆና ስለ አየር ፀባይ ክርክር እየሰማች፣ እሱ በእሷ በርጩማ፣ በእሷ ሳጥን፣ በእሷ መጽሐፍ! ስፌቱ ወጥቶላት "በል በቃ፣ ድኛለሁ" ስትለው መዳፏን ገለጥ አድርጎ አየና ራሱን ነቀነቀ።

"ገና ነው። ቆዳው ቤቱን አልተላመደም።"

በስንት ሙግት ማክሰኞ ለእሷ፣ ሐሙስ ለእሱ ሆነ። የመጀመሪያዋ ማክሰኞ ስትደርስ እግሯን ሰቅላ፣ መጽሐፉን ገልጣ ማንበብ ጀመረች። የሆቴሉን ባለቤት የገደለው አትክልተኛው ነው ብላ ቆርጣለች። ገጽ ሰባ ላይ ስትደርስ ግን በአትክልተኛው ስም አጠገብ፣ በዳርቻው በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየች፦ "ይሄ ሰውዬ ንጹሕ ነው። አትድከሚ።"

ደሟ ፈላ። ድምፅ ሳታሰማ የመጽሐፉን መጨረሻ ገለጠች። ሙጫው የላላ መጽሐፍ ስለነበር የመጨረሻዎቹ አሥራ ሁለት ገጾች ሳብ ስታደርጋቸው ተከታትለው ወጡላት። አንዲት መስመር ሳታነብ አጥፋ ሚስማር ላይ በሰቀለችው ነጭ የሥራ ገዋኗ ኪስ ውስጥ ከተተቻቸው።

ሐሙስ ዕለት ባሏ ከወጥ ቤት ሲወጣ ግንባሩን ማርጠብ እንኳ ረስቶታል። ሥጋውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ፍዝዝ ብሎ ቀረ።

"ምነው፣ ምን ሆንክ?" አለች ድንቹን እያቀረበች።

"የሆነ ነገር ጎድሎታል።"

"ጨው ነው?"

"አይደለም።"

"ቁንዶ በርበሬ?"

"መጨረሻው ነው የጎደለው" አለ ዓይን ዓይኗን እያየ።

"የምኑ መጨረሻ?" አለች መርማሪዋ።

"የ … የሥጋው።"

"ሥጋ መጨረሻ አለው እንዴ?"

"አለው የኔ ቆንጆ" አለች እናቷ። "ግን የሰው ምስጢር ቀድሞ ለሚዘረግፍ ሰው አይደርሰውም።"

ባልየውን ድንቹ ትን አለው። ፋርማሲስቷ ጀርባውን እየደቃች ከሳቋ ጋር ስትታገል፣ አማቷ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዩ ሥጋቸውን አኘኩ።

በሚቀጥለው ማክሰኞ ወጥ ቤት ገብታ በሩን ከዘጋች አርባ ደቂቃ እንደሞላ ተንኳኳ።

"ማነው?"

"እኔ ነኝ። ልርዳሽ ብዬ ነው።"

"ለሁለት ሰው የሚሆን ሥራ የለውም።"

"ለአንድም የለውም" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ለካ ዝቅ ማድረግ ይችላል! በሩን ከፍታ ጎትታ አስገባችው።

"መቼ ነው ያወቅከው?"

"በአሥራ ሁለተኛው ደቂቃ። ምን ዓይነት ንዴት መሰለሽ! ልወጣ እጀታውን ይዤ ነበር። ከዚያ እማማ ከዜና አንባቢው ጋር ስትጣላ ሰማኋት። ዞር ስል በርጩማውን አየሁት፣ ሳጥኑን አየሁት …" ትከሻውን ሰበቀ። "እንዲያው ትንሽ ልቀመጥ አልኩ።"

"እኔም እንዲያ ነው የጀመርኩት" አለች። ስድስት ዓመት ያልተናገረችው ነገር እንዲህ በአጭሩ አለቀ፤ ትከሻዋ ቅልል ሲላት ተሰማት። "ድምፄ ያን ያህል ይረብሻል እንዴ?" አለ እሱ። "ያን ያህል" አለችው፤ ጉንጩን ግን በዳነው እጇ ዳሰስ አደረገችው።

ሥጋውን ጣደች። ከዚያ ገዋኗን ከሚስማሩ አውርዳ ገጾቹን ከኪሱ አወጣች፤ መሃሉን ጨርሳ መጨረሻው ብቻ ነበር የቀራት። እሷ በርጩማው ላይ፣ እሱ ሳጥኑ ላይ ሆነው በሹክሹክታ ታነብለት ጀመር። መርማሪ ፖሊሱ ሁሉንም ሰው አዳራሽ ሰብስቧል። አትክልተኛው ያለቅሳል። የሟች ሚስት እህት ጓንቷን ታወልቃለች። ሐኪሙ ወደ መስኮቱ እየተጠጋ ነው …

"እሱ ነው! ሐኪሙ ነው!" ብሎ ባልየው በዚያ በለመደው ድምፁ ጮኸ።

በዚያው ቅጽበት በሩ ተበረገደ። አማቷና መርማሪዋ ደፉ ላይ ቆመዋል፤ በመሃላቸው ግን ጥቁር ጭስ ነው። ከመጥበሻው የሚወጣው ጭስ ጣሪያው ላይ ተንሳፍፎ በኃይል ወደ ሳሎን እየፈሰሰ ነበር። ሁለቱ አንባቢዎች አልተሰማቸውም።

"እያነበባችሁ ነው!" አለች መርማሪዋ ጣቷን ቀስራ። "ሥጋ እየጠበሳችሁ አይደለም፣ እያነበባችሁ ነው!"

አማቷ እያሳሉ ገብተው ምድጃውን አጠፉ፤ መስኮቱን ከፈቱ፤ አራቱን ከሰሎች አንድ በአንድ በሹካ አንሥተው ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ጨመሩ። ከዚያ እጃቸውን እየጠረጉ ዞሩ።

"ስድስት ዓመት ሙሉ ይሄ ሥጋ ሲንጫጫ የምሰማው ሹካ ከተደረደረ በኋላ ነው" አሉ። "ይሄ ጆሮ እኮ ሠላሳ ዓመት የሰው ስልክ ሲያገናኝ የኖረ ጆሮ ነው።"

ፋርማሲስቷ ፊቷን በገጾቹ ሸፈነች። "አውቀው ነው ዝም ያሉኝ፣ እማማ?"

"ምን ልበል? እኔ ለአባቱ፣ ባቄላ ሦስት ሰዓት ሙሉ ካልተቀቀለ መርዝ ነው ብዬ ነው የኖርኩት።"

ባልየው ከሳጥኑ ላይ ብድግ አለ። "እማማ! ያ ሁሉ ባቄላ?"

"ያ ሁሉ ባቄላ" አሉ ሳያፍሩ። "በል አሁን እንቁላል አቀብለኝ፤ ልጅቷ ርቧታል።"

ያን ዕለት ዳቦና እንቁላል በሉ፤ ቤቱ ሁሉ የተቃጠለ ቅቤ ይሸት ነበር። መርማሪዋ አንድ በአንድ ጠየቀች፤ ሦስቱም እየተሳሳቁ መለሱላት። እራቱ ሲያልቅ አማቷ መነጽራቸውን ፈልገው መጽሐፉንና የተገነጠሉትን ገጾች ብብታቸው ውስጥ አስገቡና "ሐሙስ የእኔ ተራ ነው" አሉ። ማንም ደፍሮ እምቢ አላለም።

ሐሙስ በአሥራ ሁለት ሰዓት ወጥ ቤት ገብተው በሩን ዘጉ። ሦስቱ ሳሎን ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል፤ ቤቱ እንዲህ ጸጥ ብሎ አያውቅም። አንድ ሰዓት ከሩብ አለፈ። አንድ ሰዓት ተኩል አለፈ። የባልየው ሆድ ጮኸ።

በመጨረሻ ተነሥቶ ወደ በሩ ጠጋ አለ። "እማማ፣ ምን ያህል ይቀረዋል?"

"አትቸኩሉ!" አሉ ከውስጥ። "ገና ሬሳው አሁን መገኘቱ ነው።"

ፋርማሲስቷ ዳቦውን አወጣች።