ካልሲ የለበሰው ሰዓት

ስልኩ ሲጮህ ሰውዬው መዶሻውን ከትከሻው በላይ አንስቶ ነበር። መዶሻውን አስቀመጠና አቧራ የጠገበ እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ “አቤት” አለ።

“አባዬ! ምን ሆንክ?”

“ምን እሆናለሁ? ግድግዳ እያፈረስኩ ነው።”

“የልብ ምትህ ስልኬ ላይ ድንገት ሲጠፋብኝ እኮ ነፍሴ ልትወጣ ነበር! የላክሁልህን ሰዓት ለምን አወለቅከው?”

“እንዳይሰበር ብዬ ኪሴ ከተትኩት። ይሄ ከግድግዳው የሚወጣው ብረት ምንም አይምርም።”

“ሁለተኛ እንዳታወልቀው! ያን ጊዜ ደረትህን ሲያምህ ብቻህን ነበርክ። በል ቻው፣ አለቃዬ እያየኝ ነው።”

ድምጿን ከሰማ ስንት ጊዜው! ልጁ የምትሠራው ሌላ አገር ነው። ሰዓቱን ከመላኳ በፊት በየማታው ትደውልለት ነበር። በልተሃል ወይ፣ ተኝተሃል ወይ ትለዋለች፤ እሱም እያጋነነ ያወራላታል። አሁን ግን ልቡንም፣ እርምጃውንም፣ እንቅልፉንም ሰዓቱ ቀድሞት ይነግራታል። ለእሱ የሚደርሰው ቀጥ ያለ የአውራ ጣት ምስል ብቻ ነው።

ከቅጥነቱ የተነሳ ሰንበሌጥ የሚሉት የሥራ ጓደኛው ነገሩን ሰምቶ አንድ እግር ካልሲውን አወለቀና ጫፉን ቆረጠለት።

“እንካ፣ አልብሰው። ወደ ክርንህም ጠጋ አድርገው፤ የእጅህ አንጓ ላይ ከተውከው ብረቱ ያገኘዋል።”

“ይሸታል እኮ!”

“የሚለካው ልብህን እንጂ አፍንጫህን አይደል!”

ካልሲው የዋዛ አልነበረም። የኮንክሪት ፍንጣሪ ሲወርድበት ቢውልም ሰዓቱ ጭረት እንኳ አልነካውም።

ማታ ክፍሉ ገብቶ ስልኩን ከራቱ ሳህን አጠገብ አስቀመጠው። እንዳይደውልላት ፈረቃዋን አያውቅም። ሰንበሌጥ የካልሲ ኪራይ ጠየቀኝ ብሎ ሊያጋንንላት ወሬውን አሳምሮ ጨርሷል። ስልኩ ብልጭ አለ። አውራ ጣት ነው። ከሥሩ “ልብህ ዛሬ ጎበዝ ነው” ይላል።

የሰዓቱን ማሰሪያ ላላ አደረገ። ቢያወልቀው ወዲያው ትደውላለች። ነገር ግን የጠዋቱ ድንጋጤዋ ትዝ አለውና መልሶ አጠበቀው። ናፈቅሽኝ ብሎ እንዳይጽፍላት አፉም እጁም አልለመደም። እንጀራ ፍለጋ የሄደች ልጅ መናፈቋ ያለ ቢሆንም፣ ደህንነቱን እያወቀች እሱን መርሳቷ አንገበገበው። ራቱን ግድግዳ እያየ በላ።

በማግስቱ ሥራው ቦታ ደርሶ ስልኩን አወጣና ፊደል እየለቀመ ጻፈላት። “ደህና ነኝ። ዛሬ ሰዓቱ ዝም ቢል እንዳትደነግጪ። ማታ ደውለሽ ጠይቂኝ።”

ከዚያ ሰዓቱን ያለ ካልሲ ወደ እጁ አንጓ አወረደው። የተቆራረጠው ብረት ከግድግዳው አግጦ ወጥቷል።

“አንተ ሰው፣ ካልሲውን ረሳኸው!” ብሎ ጮኸ ሰንበሌጥ።

“አልረሳሁትም” አለው፤ መዶሻውን አነሳ።