ፈተናውን ያለፈው ሞተር

አብዱልሃፊዝ የአንበጣ መድኃኒት የምትረጭ ትንሽ አውሮፕላን አብራሪ ነበር። አንድ ጠዋት ከሜዳው ተነሥቶ ገና ከፍ ሳይል ጥንብ አንሳ ሞተሩ ውስጥ ገባ። አውሮፕላኗ ያላት ሞተር እሱ ብቻ ነበር፤ ቆመ። አብዱልሃፊዝን ቡታጅራ ቀበሩት።

አባቱ ጀማሉ ገበያው ውስጥ በርበሬ ይነግዳሉ። ከቀብሩ ጀምሮ ከአፋቸው የማይጠፋው አንድ ነገር ነው፤ «ሞተሩ ድሮም ብልሽት ነበረው፤ መካኒኩ ያውቃል።» መካኒኩ አምሀ የልጃቸው ጓደኛ ነው። ለለቅሶ ከአዲስ አበባ ሲመጣ በር ላይ ጠብቀው፣ «ልጄን የገደልከው አንተ ነህ!» አሉት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። አምሀ ሳይቀመጥ ተመለሰ።

ከወራት በኋላ አደጋውን የመረመሩት ባለሙያዎች ደወሉ። ሞተሩ ጉድለት አልተገኘበትም፣ የወፍ ፈተናውንም ያለፈ ዓይነት ነው አሏቸው። ጀማሉ ስልኩን ዘግተው ልጃቸውን ነዒማን ከወልቂጤ አስጠሩ። እዚያ ዩኒቨርሲቲ የሞተር ትምህርት ታስተምራለች።

«አለፈ ማለት ምን ማለት ነው? ቆሞ የለም እንዴ?»

ነዒማ መልሱን ታውቃለች። ዝም ብትል ግን አባቷ የሚጠሉት ሰው ይኖራቸዋል፤ ምናልባት እሱ ይቀላቸው ይሆናል ብላ እስከዛሬ አልተናገረችም።

«አባ፣ ሞተር ፈቃድ ከማግኘቱ በፊት በሙሉ ኃይሉ እያሽከረከሩ የሞተ ወፍ ይተኩሱበታል። ወፉ ትንሽ ከሆነ ሞተሩ መሥራቱን መቀጠል አለበት። ትልቅ ከሆነ ግን…»

«ከሆነስ?»

«እንዳይፈነዳና በእሳት እንዳይያያዝ ነው የሚፈለገው። ቢቆም ፈተናውን ወደቀ አይባልም።»

«የአብዱልሃፊዝስ?»

«አልፈነዳም። አልተቃጠለም። ቆመ።»

ጀማሉ ቆባቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። «ይሄን ያውቅ ነበር?»

«ያውቅ ነበር፣ አባ። አብራሪ ሁሉ ያውቃል።»

«እያወቀ ነበር የሚነሣው?» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። በቀብሩ ዕለት ያላለቀሱት ሰውዬ ያኔ አለቀሱ። ነዒማ አጠገባቸው ተቀመጠች።

በኋላ፣ «ያንን ልጅ ጥሪልኝ» አሏት።

አምሀ ብዙ ካንገራገረ በኋላ መጣ። ከስቷል። ጀማሉ ከመቀመጫቸው ተነሥተው፣ «በድዬሃለሁ፣ አውፍ በለኝ» አሉት።

«ለእግዚአብሔር ብዬ ትቼዋለሁ፣ ጋሽ ጀማሉ።»

«በል ወደ ሥራህ ተመለስ እንግዲህ።»

አምሀ አንገቱን ደፋ። «ለቅቄያለሁ እኮ። የፈታሁትን መልሼ ስገጥም በትክክል ገጠምኩት ወይ እያልኩ እንደገና እፈታዋለሁ። እንደገና። ጨርሼ ማስረከብ አቃተኝ።»

ጀማሉ እጁን ይዘው አጠገባቸው አስቀመጡት። ነዒማ ሻይ አቀረበች፤ ሦስቱም ሳይነኩት ቀዘቀዘ።