ሲሚንቶ የምትነጭ ጭላዳ

«የማን ዘመድ ይመስላችኋል?» አለች መምህርት እታገኝ፣ ከሽቦው ጀርባ ወደተኮራመተው ሽኮኮ እየጠቆመች።

«የአይጥ» አለ አንዱ።

«የጥንቸል።»

«የዝሆን ነው።»

የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በሳቅ ፈነዱ። ከፃግብጂ የመጡት ነገሩን በአገውኛቸው፣ በኽምጣና፣ ተቀባበሉትና ሳቁ እንደገና አገረሸ። እታገኝም አብራቸው ሳቀች። ከዚያ ጠጋ ብለው የሽኮኮውን እግር እንዲያዩ አደረገቻቸው። ጥፍሮቹ እንደ ድመት የሾሉ አልነበሩም፤ እንደ ዝሆን ጥፍር ደልደል ያሉ ነበሩ።

«መልኩን ብቻ ያየ ሰው ከአይጥ ጋር ያዛምደዋል» አለች። «ሳይንስ ግን አጥንቱን፣ ጥርሱን፣ ደሙን መርምሮ ነው ወገኑን የሚፈልግለት። ክላሲፊኬሽን ብለን የምንማረው ይኸው ነው። የዘር ቆጠራ በሉት።»

ልጆቹ ወደ ሽቦው ተጠግተው ሽኮኮውን አዩት። እታገኝ ይህን ጉጉት ለዓመታት ስትመኘው ኖራለች። ትምህርት ቤቱ የነበረውን ቤተ ሙከራ ጦርነቱ ባዶ አድርጎት ስለነበር የምታስተምረው በጠመኔና በቃል ብቻ ነበር። ልጆቹም «ኪንግደም፣ ፋይለም፣ ክላስ፣ ኦርደር» የሚለውን ትርጉሙን እንደማያውቁት የግዕዝ ጸሎት ይደግሙታል፤ ለፈተና ይጽፉታል፤ በማግስቱ ይረሱታል። ስለዚህ አቶ የሻምበል ከሰቆጣ ወጣ ብሎ በሠራው ሎጅ ውስጥ የእንስሳት ማሳያ ሊከፍት መሆኑን ነግሮ ሳይንሳዊ ስሞቹን እንድትጽፍለት ሲጠይቃት ደስታዋ ወሰን አልነበረውም። በየአጥሩ ላይ የሚሰቀሉትን ሰሌዳዎች በእጇ ጻፈች። ያን ጊዜ አጥሮቹ ገና ባዶ ነበሩ።

«ወደ ቀጣዩ» አለች። «መክሊት፣ አንቺ አንብቢልን።»

መክሊት ከልጆቹ ፊት ቀድማ ሄዳ ከሰሌዳው ሥር ቆመች።

«ቴሮ… ቴሮፒቴከስ ጌላዳ።»

«ሁለተኛውን ቃል ልብ በሉት» አለች እታገኝ። «ጌላዳ ማለት ጭላዳ ነው። ፈረንጆቹ ስሙን ከእኛ ሰምተው እንደ አፋቸው አድርገው ጻፉት። በዓለም ላይ ያለ የባዮሎጂ ተማሪ ሁሉ ይህችን እንስሳ ሲጠራ የሚጠራው የእኛን ቃል ነው።»

«እንግዲያው ላቲኑን ግማሹን እናውቀዋለን ማለት ነው» አለ ደግሰው የሚባለው የአበርገሌ ልጅ።

መክሊት ንባቧን ቀጠለች። «አኗኗር፦ በመንጋ፣ በገደል አፋፍ ላይ። ምግብ፦ ሣር።» ከዚያ ቆመች። ሰሌዳውን ትታ ወደ ውስጥ እያየች ነበር።

እታገኝም አየች። ጭላዳዋ ወገቧን በሰንሰለት ታስራ በሲሚንቶ ወለል ላይ ተቀምጣለች። አጠገቧ የደረቀ እንጀራ፣ የተበላ አጥንትና የቢራ ቆርኪ ተበትኗል። ጣቶቿ ግን ሥራ አልፈቱም። ወለሉን በፍጥነት ቆንጠር ቆንጠር ታደርግና ባዶ እጇን ወደ አፏ ትወስዳለች፤ ታኝካለች። እንደገና ወደ ወለሉ ትመለሳለች።

«ብር እየቆጠረች ነው» አለ ከኋላ አንዱ፤ ጥቂቶች ሳቁ።

«አይደለም» አለች መክሊት። «ሣር እየነጨች ነው።»

ሳቁ ቆመ። እታገኝ የጭላዳዋን ጣቶች አተኩራ ስታይ ጫፋቸው ተልጦ አየችው። እታገኝ የደሃና ገጠር ልጅ ናት፤ ጭላዳዎች በማለዳ ገደሉን ወጥተው በአፋፉ ላይ ተደርድረው ሣር ሲነጩ እያየች ነው ያደገችው። አንዷን እንኳን ብቻዋን ተቀምጣ አይታ አታውቅም።

በዚህ መሐል ርዕሰ መምህሩ አቶ መልሰው በሎጁ በኩል እየተጣደፉ መጥተው ወደ ጥግ ወሰዷት።

«የዞኑ የዱር እንስሳት ባለሙያ መጥቷል» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «የማሳያው ፈቃድ የተሰጠው ለትምህርት ይጠቅማል ተብሎ ነው። ሊያድሰው አንቺን ይጠይቅሻል፤ ጥሩ ነው በይና እንገላገል።»

«ጥሩ አይደለም እኮ፣ አቶ መልሰው። እዩአት እስቲ።»

«አየኋት። አንቺ ደግሞ የእኛን ልጆች እዪ። የሻምበል የውሃውን ቧንቧ እስከ ትምህርት ቤቱ ሊያስገባልን ቃል ገብቷል። ሴቶቹ ልጆች ለትምህርት ቤቱ ከወንዝ ውሃ እየተሸከሙ ክፍል ገብተው እንደሚያንቀላፉ ከእኔ በላይ አንቺ ነሽ የምታውቂው።»

ታውቃለች። መክሊት ራሷ ከነዚያ አንዷ ናት። ወደ ተማሪዎቹ ስትመለስ አቶ የሻምበልና ባለሙያው ኤርምያስ ከአጥሩ አጠገብ ደርሰው ነበር። ኤርምያስ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ ቀጭን ወጣት ነው።

«ጋሽ የሻምበል» አለች እታገኝ፣ «ይህች እንስሳ ቢያንስ ሣሩ ላይ ብትውል ምን ነበረበት?»

«ሣሩ እንግዳ የሚቀመጥበት ነው፣ መምህርት።»

«ምግቧ እሱ ነው።»

«ምን ጎድሎባት? እንግዳው ያጎርሳታል። ባለፈው የሠርግ ሚዜዎች ሚጥሚጣ የነካ ሥጋ ሰጥተዋት ስታስነጥስ ሰው በሳቅ ሊሞት ነበር።» እያስታወሰ ፈገግ አለ። ከልጆቹ ግን ማንም አልሳቀም። «ደግሞም ሰው አታድርጓት። ገበሬው ገብሱን በላሽብኝ ብሎ በድንጋይ ይገድላት ነበር። እኔ ነኝ ያተረፍኳት።»

«አባቴም ከገብሱ በወንጭፍ ያባርራቸው ነበር» አለች እታገኝ። «አንዷንም ግን አስሮ እንግዳ አላሳቀባትም።»

የሻምበል ፊቱ ተለዋወጠ። ኤርምያስ ነገሩን ለማብረድ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መምህርት፣ እኔ የምፈልገው የእርስዎን ቃል ብቻ ነው። ቦታው ለትምህርት ይጠቅማል?»

አቶ መልሰው ዓይናቸውን ከእሷ ላይ አልነቀሉም። እታገኝ ተማሪዎቿን አየች። ከጠዋት ጀምሮ አንዲት ቃል እንዳታመልጣቸው አንገታቸውን አስግገው ሲከተሏት ነበር፤ አሁንም እንደዚያው ይጠብቋታል።

«አይጠቅምም» አለች።

«እታገኝ…» አሉ አቶ መልሰው።

«ሰሌዳውን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ዋናዋ ተጠያቂ እኔ ነኝ። በመንጋ ትኖራለች ይላል፤ ይኸው ብቻዋን ናት። ሣር ትበላለች ይላል፤ ይኸው ሲሚንቶ ትነጫለች። እኔ እንዲህ ዓይነት ነገር ፊት ልጆች አቁሜ ስም ማስጠናት አልችልም። ስሟን ይዘው፣ ፍጥረትን እንዴት ማሰቃየት እንደሚቻልም ጨምረው ነው ከዚህ የሚወጡት።»

«በከፊል ይጠቅማል ብንል…» አለ ኤርምያስ ቀስ ብሎ።

«የትኛው ከፊል? የታሰረው ወገቧ ነው ወይስ የተላጠው ጣቷ?»

ኤርምያስ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ሽቦው ቀርቦ ጎንበስ አለ። የጭላዳዋን እጅ ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ቀና ሲል የየሻምበልን ፊት ማየት አልፈለገም።

«ፈቃዱ አይታደስም» አለ። «ወደተያዘችበት ገደል ትመለስ። መኪናውን እኔ ይዤ እመጣለሁ።»

«መልካም» አለ የሻምበል፤ ወደ አቶ መልሰው ዞረ። «ቧንቧውም እንግዲህ እዚያው ይቅር። ለሚያመሰግን ሰው ነው የሚሠራ።»

ወደ ከተማ ሲመለሱ አቶ መልሰው ከተማሪዎቹ ፊት ፊት ብቻቸውን ሄዱ። ከትምህርት ቤቱ በር ሲደርሱ ግን ቆመው ጠበቋት።

«ለአንዲት ዝንጀሮ ብለሽ ስንት መቶ ልጅ እንዳስጠማሽ ይገባሻል?»

«ያስጠማኋቸው እኔ አይደለሁም፣ አቶ መልሰው። ውሃ የልጆቹ መብት ነው፤ የአንድ ሰው መደለያ እስኪሆን ድረስ እኔም እርስዎም ዝም ብለን ኖርን። በዚህ ሳምንት ውሃ ልማት ቢሮ አብረን እንሂድ።»

«ስንት ጊዜ ሄጄ!»

«አብረን አልሄድንም።»

አቶ መልሰው ራሳቸውን ነቅንቀው ገቡ። የእታገኝ ንዴት አልበረደም፤ ነገር ግን ከንዴቱ ሥር ሌላ የሚከብድ ነገር ነበር። መክሊት ከኋላ ቀርታ ስትጠብቃት አየቻት።

«ቧንቧው ቀረ፣ መክሊት።»

«ሰማሁ፣ ቲቸር።» ልጅቷ አቀረቀረች። «የኔ እናት ብትሰማ ትቆጣዎታለች።»

«አንቺስ?»

መክሊት አሰበች። «እኔ እንጃ። ወንዙ ሩቅ ነው።» ከዚያ ቀና አለች። «እሷን ግን እውነት ይለቋታል?»

«ሳይለቋት ቢቀሩ እኔ እሄዳለሁ።»

በማግስቱ ጠዋት ውሃ የመቅዳት ተራው የዘጠነኛ ክፍል ነበር። ሴቶቹ ልጆች ጀሪካናቸውን ይዘው ከግቢው ሊወጡ ሲሉ እታገኝ ከመምህራን ክፍል ወጣች፤ ነጠላዋን በወገቧ ላይ አጥብቃ አሠረች።

«ቲቸር፣ የት ሊሄዱ ነው?» አለች መክሊት።

«ከዛሬ ጀምሮ እኔም ተራ አለኝ» አለቻትና ትልቁን ጀሪካን ከእጇ ተቀበለቻት።