ያልተፈታው ምንሽር

አብረውት ከሳዑዲ የተመለሱት እኩዮቹ ባጃጅ ሲገዙ ጁማ ያረጀ ጠመንጃ ማሰባሰብ ያዘ። መጀመሪያ የሐይቅ ከተማ ሰው ሳቀበት። ውሎ አድሮ ግን ያያቱ መሣሪያ ምን እንደሚያወጣ ማወቅ የፈለገ ሁሉ እሱ ዘንድ ይመጣ ጀመር። ጁማ ማቀባበያውን አውጥቶ በአፈሙዙ በኩል ብርሃን ያያል፤ ከዚያ ብሎኖቹን በጣቱ ይዳስሳል። የብሎኑ ራስ ካልተፋቀ ጠመንጃው ተፈትቶ አያውቅም ማለት ነው። እንዲህ ያለው ዋጋው ከፍ ይላል።

ከሁሉ የሚሳሳለት ከጎረቤቱ ከጋሼ ሙላት የገዛውን የአደን ምንሽር ነበር። የጋሼ ሙላት አባት ማሽላ የሚያወድም ከርከሮ ሲገድሉበት ኖረው፣ በደርግ ጊዜ መሣሪያ ሲሰበሰብ በጆንያ ጠቅልለው ጓሮ ቀበሩት። ከዓመታት በኋላ ሲወጣ እንጨቱ ወዙን አልለቀቀም፤ ብሎኖቹም አልተነኩም።

የሰሜኑ ጦርነት ወደ ሐይቅ ሲቃረብ ጋሼ ሙላት በማለዳ መጡ።

«ያን ምንሽር አውሰኝ። ሰፈሩን ልንጠብቅ ነው።»

«እሱ ይቅርብዎት፣ ጋሼ። ሌላ ልስጥዎት።»

«የአባቴ እኮ ነው።»

«መሬት ውስጥ ከርሟል። እንጨቱ የሸፈነውን ብረት ያየ የለም። ፊትዎ ላይ ቢፈነዳስ?»

ጋሼ ሙላት ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ጠመንጃ አዩ። «ሳስተህለት ነው» አሉ ቀስ ብለው።

እውነት ነው፤ ጁማ ይሳሳለታል። ያን ሁሉ ጊዜ ሳይፈታው የኖረውም የሚያገኘውን ፈርቶ ነበር። ጠመንጃውን አውርዶ ካቻቢቴ አነሳ። ብሎኖቹ ዝገው አልዞር አሉ። ወጥቶ ምሳር ይዞ ተመለሰ።

«ተው፣ አመንኩህ» አሉ ጋሼ ሙላት።

«አላመኑኝም» አለና እንጨቱን የበሩ ደፍ ላይ አጋድሞ ሰነጠቀው።

ከሥር ያለውን ብረት ዝገት በልቶታል፤ አንዱ ቦታ ላይ በጥፍር ሲጫኑት ተፈረፈረ። ጋሼ ሙላት ዳሰሱት። ጁማ ደጋግሞ የተኮሰበትን ቤልጅግ ከነጥይቱ አስጨበጣቸው። «በዚህ አይስጉ» አላቸው።

እሱ እናቱን ዋሲላን ይዞ ሸሸ። ጦርነቱ አልፎ ሲመለሱ ቤቱ ተዘርፎ ግድግዳው ባዶውን ቀርቷል። ጋሼ ሙላት ከስተው፣ ባዶ እጃቸውን መጡ።

«ቤልጅጉን ጥዬው ቀረሁ» አሉ። «አሻግሬ እግሩን ተመታ። እሱንና ጠመንጃውን አንድ ላይ መሸከም አቃተኝ።»

ጁማ አሻግሬን ያውቀዋል፤ ሐይቁ ዳር ሽንኩርት የሚያለማ ሰው ነው። «እንዴት ነው አሁን?»

«ምርኩዝ ይዞ ይንቀሳቀሳል። ልጠይቀው እየሄድኩ ነው።»

ጁማ ለቤልጅጉ ማዘኑ አልቀረም፤ እንደሱ ያለ ዳግመኛ እንደማያገኝ ያውቃል። ግን ጫማውን አጠለቀና አብሯቸው ወጣ።