የሉዋም ሁለት ትምህርት ቤቶች

ዘውዲ ልጇን ሉዋምን አንደኛ ክፍል ያስመዘገበችው ዘመዶቿን ሁሉ አስቀይማ ነው። በአራዳ አስማተኛ ቤተሰቦች ዘንድ ልጅ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ ውጭ ትምህርት ቤት አይገባም። ፊደሉንም፣ ነገርን በቃል የማዘዝ ጥበቡንም የሚማረው ከሽማግሌ እግር ሥር ቁጭ ብሎ ነው። አሥራ ሁለት ሲሞላው ከአንኮበር ወዲያ ወዳለው ታላቁ ቤት ሄዶ ይፈተናል። ካለፈ እዚያው ይቀራል። ከወደቀ አዲስ አበባ ይመለሳል፤ ያኔ ሰርተፊኬት የለው፣ ሒሳብ የለው፣ አብሮት የተማረ የሰፈር ጓደኛ የለው።

ዘውዲ ከወደቁት አንዷ ነበረች። ተመልሳ አንደኛ ክፍል ስትገባ ቁመቷ ከመምህሯ ትከሻ ይደርስ ነበር፤ ልጆቹም «እማማ» ይሏት ነበር። እየተሳቀባትም ቢሆን አልቀረችም። ስምንተኛ ክፍልን በማታ ትምህርት ጨርሳ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ክር፣ ዚፕና የልብስ ቁልፍ የምትሸጥበት ጠባብ ሱቅ ከፈተች። ከልጅነቷ ጥበብ የቀራት ነገር ቢኖር፣ ቁልፍ ከእጇ አምልጦ ባንኮኒው ሥር ሊገባ ሲል «ና» ብላ መመለስ ነው። እሱንም ደንበኛ አለመኖሩን አይታ ነው የምታደርገው።

ሉዋም ሰባት ዓመት ሲሞላት ታዲያ ዘውዲ ቆረጠች። ባሏ መብራህቱ ከአስማተኞቹ ወገን አይደለም፤ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚጭን ሚኒባስ ነው የሚነዳው። የልጁን መማር ባይጠላም የሽማግሌዎቹን ቅያሜ ፈርቶ እስኪ ትንሽ እንቆይ ይል ነበር። ዘውዲ ግን በመቆየት የሚመጣውን እሷ እንደምታውቀው ነገረችው።

አቦይ ገብረትንሣኤ ዘንድ ራሷ ሄደች። እሷንም ያስተማሯት ሽማግሌ እሳቸው ናቸው። ሰፈራቸው ዶሮ ማነቂያ ፈርሶ ቤተሰቦቹ ወደ ከተማው ዳር ከተበታተኑ ወዲህ የቀሯቸውን ጥቂት ልጆች ከድልድዩ ጀርባ በተከራዩት አንድ ክፍል ያስተምራሉ። በልጅ ላይ እጃቸውን አንሥተው አያውቁም። የትኛው ልጅ ቁርስ ሳይበላ እንደመጣ ፊቱን አይተው ያውቃሉ። ሉዋም ከእሳቸው ጋር ሦስት ዓመት ቆይታ የመጀመሪያውን መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር በቃሏ ትወጣዋለች። ዘውዲ ልጇ ቀን ትምህርት ቤት ውላ ከአሥር ሰዓት በኋላ እሳቸው ዘንድ እንድትመጣ ለመነቻቸው።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» አሏት።

«አንዱንም ዛፍ ለመውጣት እኮ ሁለት እግር ያስፈልጋል፣ አቦይ» አለች ዘውዲ።

ፈገግ ሊሉ ቃጥቷቸው ተዉት። ከዚያ ቀን ጀምሮም ሉዋምን ከአሥር ሰዓት በኋላ ተቀበሏት፤ ዘውዲን ግን አላናገሯትም።

ትምህርት ቤቱ በልጅ የታጨቀ ነው፤ መምህርቷ ሶፊያ እስከ ስድስት ሰዓት ድምፅዋ ይዘጋል። ሉዋም ግን ወደደችው። ገመድ መዝለል፣ መደመርና ቦታዬን አትንኪ ብሎ መጣላት ተማረች። ክፍል ውስጥ የትእዛዝ ቃል ከአፏ እንዳይወጣ እናቷ አስጠንቅቃታለች። ኅዳር ላይ መምህርት ሶፊያ ዘውዲን አስጠራቻት።

ዘውዲ መንገዱን ሁሉ ውሸት ስትፈጥር ሄደች። መምህርቷ የክፍሉን በር ዘግታ የሆነውን ነገረቻት። ልጆቹ ተራ በተራ እንዲያነቡት ሰሌዳ ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፋ ነበር። ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ አቀርቅረው ሲገለብጡ ሉዋም ተነሣች፤ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። የጠመኔው ፊደል ከቦታው ተነሥቶ ሌላ ዓረፍተ ነገር ሆነ። እሱን እንደ ውኃ አወረደችው።

«ያየሁትን አይቻለሁ» አለች ሶፊያ። «ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ዛሬ አልጠይቅዎትም። እኔን ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ልጅዎ ማንበብ አትችልም።»

ዘውዲ ልጇ አንድ መጽሐፍ ሙሉ እንደምትወጣ ልትናገር ስትል መምህርቷ ቀደመቻት። ከቄስ ትምህርት ቤት የሚመጡ፣ ዳዊቱን የሚደግሙ፣ ከገጹ መሃል አንድ ቃል ሲጠቁሟቸው ግን የሚጠፋባቸው ልጆች አስተምራለች። ከውድ መዋዕለ ሕፃናት መጥተው የእንግሊዝኛውን ፊደል በዜማ የሚያወርዱ፣ አንዱን ለይተው የማያውቁም እንዲሁ። እሷ ራሷ ከሰሌዳ እያስገለበጠች ያሳለፈቻቸው እንዳሉም አልደበቀችም።

«የእርስዎ ልጅ ግን ፊደሉ የምታውቀውን እንዲል ታዘዋለች» አለች። «ምን እንደሚል ጠይቃው አታውቅም።»

ዘውዲ ከልጆቹ ወንበር በአንዱ ላይ ተቀመጠች። ታላቁ ቤት ውስጥ ፈታኙ ያቀረበላት ወረቀት ትዝ አላት። ያለ ትእዛዝ ቃል አንብቢ ብሎ አዘዛት፤ አፏን ብትከፍትም ምንም አልወጣም። ጥበቡ አልወደደኝም ብላ ስንት ዓመት ኖራለች።

በማግሥቱ ሱቋን ዘግታ አቦይ ዘንድ ሄደች። ከፋሲካ በኋላ የምትፈተነው ትልቋ ተማሪያቸው እየሩስም እዚያ ነበረች። ዘውዲ ቁልፍ ከምትጠቀልልበት ጋዜጣ አንድ ገጽ አውጥታ እየሩስ ያለ ትእዛዝ ቃል ታንብብልኝ አለች። እሳቸውም ስለተማመኑባት፣ ያለ ቃል እንድታነብ አዘዟት። ልጅቷ ጋዜጣውን አየች፤ ከዚያ እሳቸው እንዲጀምሩላት ጠበቀች። አልጀመሩም። ሲቆይ ዓይኗ እንባ አቀረረ። ዘውዲ ትከሻዋን አቅፋ ጥፋቱ የእሷ እንዳልሆነ ነገረቻትና ከልጆቹ ጋር ግቢ እንድትጫወት ላከቻት።

ሽማግሌው ጋዜጣውን አጣጥፈው መለሱላት። በኋላ፣ በእሳቸው ልጅነት መጽሐፉ አንድ ብቻ እንደነበር፣ ሁሉም በጆሮው እንደተማረ፣ ፈተናውም ያኔ የቃል እንደነበር አስረዷት። ፈተናው ሲለወጥ የነገራቸው የለም። ልጆች ወድቀው ሲመለሱ ዘመኑ ነው ይሉ ነበር።

«እኔስ ስመለስ ምን አሉ?» አለች ዘውዲ።

«ልቧ አልፈቀደም አልኩ» አሏት፤ ቀና ብለው አላዩዋትም። «በደልሁሽ፣ ጓለይ፣ ልጄ።»

ዘውዲ ይህን ስትሰማ የምትጮህ ይመስላት ነበር። አልጮኸችም። ቁጣዋ እየሩስን ፈተና አያሳልፍም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሉዋምን መምህርት ሶፊያን ይዤ እመጣለሁ፣ ማንበብ ታስተምራቸው አለቻቸው፤ እሺ እስኪሉም ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም።

ሶፊያን ማሳመኑ ራሱ ቀላል አልነበረም። ሳምንቱን ሙሉ የደከማት ሴት ናት፤ የሚጠብቃትን ምስጢርም ስትሰማ ሁለት ቀን አሰበች። ስትመጣም ምስጢራችን ባዕድ እጅ ገባ ያሉ ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ወሰዱ። የእየሩስ እናት ግን ልጇን አላስቀረችም።

በጋው ረጅም ሆነባቸው። እየሩስ የትእዛዙን ቃል ለመያዝ ስትታገል ራሷን ያማታል። ፊደሉ ልጅቷ ሳታስበው እየሸሸ በምታውቀው ተራ ይሰለፋል፤ ጠረጴዛውን በቡጢ ትመታለች። ሶፊያ ማንበብ ታስተምራለች እንጂ ለዚህ መላ አታውቅም። አቦይ ከጥግ ሆነው እጃቸውን አጣምረው ያዩ ነበር። አንድ ቅዳሜ ተነሥተው መነጽራቸውን አደረጉና ልጅቷ ጎን ተቀመጡ።

«ቃልሽን አታባሪው» አሏት በዝግታ። «ከምላስሽ ሥር አስተኚው። አሁን ፊደሉን ጠይቂው።»

እየሩስ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች። «ገ... በ... ያ» አለች። «ገበያ።» ፊደሉ ከቦታው አልተንቀሳቀሰም። ሶፊያና አቦይ ተያዩ፤ ከዚያ ወዲህ ጎን ለጎን ነበር የሚያስተምሩት።

ከፋሲካ በኋላ እየሩስ ሄደች። ማለፏን እናቷ ስትደውል ዘውዲ ለአንዲት ልብስ ሰፊ ዚፕ እየመረጠች ነበር። ስልኩን ዘግታ ዚፑን ሸጠች፤ ልብስ ሰፊዋ ስትወጣ ጀርባዋን ለመንገዱ ሰጥታ አለቀሰች። ደስ ብሏታል። ለዚያች «እማማ» ይሏት ለነበረችው ልጅም አልቅሳላታለች። ማታ ሉዋም የሱቆቹን ማስታወቂያ እያነበበች፣ እየተሳሳተች፣ እያረመች አብራት ወደ ቤት ሄደች። አንዱም ፊደል አልተነካም።

በአዲሱ ዓመት ምዝገባ አቦይ ገብረትንሣኤ የቀሯቸውን ሁለት ትንንሽ ልጆች እጃቸውን ይዘው ከዘውዲና ከመብራህቱ ጋር ትምህርት ቤቱ በር ላይ ተገኙ። የእሳቸው ትምህርት ከአሥር ሰዓት በኋላና ቅዳሜ ሆኗል። መዝጋቢው ልጆቹ መዋዕለ ሕፃናት የት እንደተማሩ ጠየቃቸው።

«እኔ ዘንድ» አሉ።

ማስረጃ ከሌለ ሌላ ቀን ኑ ተባሉ። ሽማግሌው ደንግጠው ወደ ዘውዲ ዞሩ። እሷ ግን ከወረፋው አልወጣችም። ልጆቹ እዚያው እንዲፈተኑ፣ ካስፈለገም ርዕሰ መምህሩ እንዲጠራ ድምፅዋን ሳታነሣ ተናገረች። መብራህቱ ለአቦይ ወንበር ፈልጎ አመጣላቸው። እኩለ ቀን ሳይደርስ ሁለቱም ልጆች ተመዘገቡ።