የእትዬ ዘውድነሽ ቃል

ዳንግላ በሚገኝ አንድ የዱቄት ፋብሪካ መዝገብ ቤት አራት ዓመት ሠርቻለሁ። ሥራ አስኪያጁ ደርበው ቢሮውን እየዘጋ ይጎነትለኝ ጀመር። ቢብስብኝ ለቦርዱ አመለከትኩ። በሳምንቱ ወደ መጋዘን ተዛወርኩ፤ በወሩ ደግሞ "በሥነ ምግባር ጉድለት" የሚል የስንብት ደብዳቤ ደረሰኝ። ከሰስኩ።

ምስክር ግን ጠፋ። የሥራ ጓደኛዬ ፀደይ እንኳ "እመቤት፣ ልጆች አሉኝ፤ ተይኝ" አለችኝ። አልፈረድኩባትም። በመጨረሻ የፅዳት ሠራተኛዋ እትዬ ዘውድነሽ ቤት ሄድኩ። ጡረታ ሊወጡ አንድ ዓመት የቀራቸው ሴት ናቸው። ሥራ ቦታ ከ"እሺ" እና ከ"ደህና ዋሉ" ሌላ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም።

"አይቻለሁ" አሉኝ ገና ሳልጨርስ። "ቀኑን ንገሪኝ፤ እመጣለሁ።"

በቀጠሮው ዋዜማ አንድ አለቃ ጠርቶ "ጡረታሽን አስቢ" ብሏቸዋል። እሳቸው ግን በማግስቱ ነጠላቸውን አጣፍተው ችሎት ፊት ቆሙ። ደርበው ትክ ብሎ ያያቸዋል። ከማሉ በኋላ ዳኛዋን "አፌን በፈታሁበት በአዊኛ ልናገር" ብለው ጠየቁ። ተፈቀደላቸው፤ አስተርጓሚ ቀረበ።

ከዚያ በኋላ የሰማሁትን ድምፅ እስከ ዛሬ አልረሳውም። ሳይቸኩሉ፣ ሳይሰበሩ ተናገሩ። አንድ ሰኞ ጠዋት ባልዲ ይዘው ደርበው ቢሮ ሲገቡ እጁን ስገፋ እንዳዩ፣ "ውጪ!" ብሎ እንደጮኸባቸው።

የደርበው ጠበቃ ተነሳ። "በዚህ ዕድሜዎ ዓይንዎ በደንብ ያያል?"

"ወለል ላይ የምትፈሰውን ጠብታ የማየው በዚሁ ዓይን ነው።"

"ታዲያ ለምን እስከ ዛሬ ዝም አሉ?"

እትዬ ዘውድነሽ ወደ እኔ ጠቆሙ። "ከእሷ በፊት የነበረችው ልጅም ስታለቅስ አይቻለሁ። ያኔ ፈርቼ ዝም አልኩ። አሁንም እየፈራሁ ነው።"

አስተርጓሚው ይህን ሲተረጉም ደርበው አቀረቀረ። እኔ የእሳቸውን ቀጭን ትከሻ እያየሁ፣ ይህ ሁሉ ጉልበት ስንት ዓመት በአጠገቤ ሲያልፍ እንደኖረ ገረመኝ።

የዚያን ቀን ማታ ፀደይ ደወለች። "እኔም ልመስክር" አለች።

ፍርድ ቤቱ፣ የተሰናበትኩት በማመልከቴ የተነሳ በበቀል ስለሆነ ወደ ሥራዬ እንድመለስ ወሰነ። ግቢው ውስጥ የእትዬ ዘውድነሽን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል ክንዴን ይዘው አነሱኝ።

"ተይ፣ ሰው ያያል" አሉ።

እኔ ግን ሰው ሁሉ እንዲያያቸው ነበር የፈለግኩት።